እጅ እስከ ክርን

ነፋሱ ከጣና በኩል ሲመጣ የሩዝ መፈልፈያ ሞተራችን ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አሁን የኛ አይደለም። የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ወዲህ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶለት ቆሟል። እኔ ግን ከአልጋዬ ሳልነሳ የመፈልፈያው ጎማ ማለቁን፣ የገባበት ሩዝ በደንብ አለመድረቁን፣ መብራት ሄዶ በናፍጣ መነሳቱን ከድምፁ እለየዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ምናለ ካረፈ በሚመጣው ጥቅምት ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ሞተሩን ከሸጥሁት ስምንት ወር ሆነኝ። ልጆቼ "እማ፣ በቃ አሁን እረፊ" ይሉኛል። እያረፍሁ ነው። ዕረፍት እንዲህ ዝም ያለ ነገር መሆኑን ግን ቀድሞ የነገረኝ የለም።

ጡረታ የሚቆርጥልኝ መሥሪያ ቤት አልነበረኝም። የአገልግሎት ዘመኔን የጻፈልኝ ሰውም የለም። ስለዚህ ራሴ ልጽፈው ተቀመጥሁ። በቀን አንድ ገጽ ይወጣኛል፤ አንዳንድ ቀን ግማሽ።

ሥራ የጀመርሁት ይፋግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ፣ አንድ የእህል ወፍጮ ባለቤት የአስፈጪውን ስም ጆንያ ላይ እንድጽፍና ሚዛን እንድይዝ ቀጠረኝ። ደመወዙ ለጫማና ለሳሙና ይበቃ ነበር። ምናለ የዚያ ወፍጮ መካኒክ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ብሎን መፍቻ የሰካ ወጣት። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይባልም፤ ቸኳይ ነበር። ሒሳቡን አስቀድሞ ይቀበላል። ብር ያልያዘች ገበሬ ከመጣች ከእህሏ ላይ በቁና ይቆርጣል፤ የቁናው አፍ ደግሞ በየዓመቱ ይሰፋል። ዱቄቱ ሻካራ ነው፣ አሸዋ ገብቶበታል ቢባል መልሱ "ቀጥሎ!" ነው። ምናለ ይህን ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። አንድ ቀን፣

"አየሽ የሺ፣" አለኝ፣ "አስቀድሞ የከፈለ ሰው የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው።"

ሒሳቡን ከተቀበሉት በኋላ ፊቱን የሚያየው የለም ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ቀስ ብሎ ማውራቱን ግን ወደድሁለት።

ከተጋባን በኋላ ሐሙሲት አንድ ዓመት በኪራይ ወፍጮ ሞከርን፤ አልሆነልንም። ሩዝ በፎገራ ሜዳ እየበዛ ሲመጣ ወረታ ገባንና አሮጌ የሩዝ መፈልፈያ ገዛን። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። አስተማሪ እንደሚያደርገው ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ እያየሁት ነው የተማርሁት።

ጆንያ እንደመጣ ሞተር አይነካም። መጀመሪያ አንዲት ፍሬ ከነገለባዋ ያነሳና በፊት ጥርሱ ይነክሳታል። ቀጭ ብላ ለሁለት ከተከፈለች ደርቃለች። ጎበጥ ካለች ገና ናት፤ "ወስደህ አስጣው" ይላል። አስፋልት ላይ ተሰጥቶ በቀትር ፀሐይ የነደደ ሩዝ ከሆነ ደግሞ ፍሬዋን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያታል፤ ውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሩዝ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ካላደረ ማሽን ሲገባ ይደቃል። ገበሬው ቸኩያለሁ ቢል፣ ቢቆጣ፣ ምናለ ጆንያውን ጥግ ያስይዝና "ይተኛ፣ እሱም ደክሞታል" ይላል። ከዚያ ገለባውን የሚልጡትን የሁለቱን ጎማዎች ክፍተት ያስተካክላል። መለኪያ አልነበረውም። ብሎኑን ሩብ ዙር ያጠብቃል፣ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ያዳምጣል። እኔ ያን ድምፅ ለመለየት አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ሌላው ልማዱ የእጁ ነገር ነው። ሩዝ ሲፈለፈል ይሞቃል። ከማሽኑ አፍ ወጥቶ ጆንያ ውስጥ ሲተኛ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ጆንያው ሲሞላ ምናለ ሞተሩን ዝቅ ያደርግና አስፈልፋዩን ይጠራዋል።

"እጅህን አስገባ።"

ሰውዬው ከላይ ዘገን አድርጎ አይቶ ሊሄድ ሲል፣

"እስከ ክርን!" ይለዋል። "ከላይ ያለው ሁልጊዜ ያምራል።"

ሰውዬው እጁን ወደ ታች ሰዶ፣ ከሥር ዘግኖ፣ መዳፉ ላይ ይበትነዋል። ስባሪው ከበዛ ምናለ ሒሳብ አይቀበልም። ካልበዛ፣ ያ ሩዝ ያነጣው እጅ ኪሱ ገብቶ ብር ያወጣል። የኛ ቤት ብር በከተማው ይታወቅ ነበር። ባለሱቆች ኖቱን ሲቀበሉ በነጭ ዱቄቱ ለይተው "ይኼ ከምናለ ቤት የመጣ ነው" ይሉ ነበር።

አስፈልፋዩ ከመጠራቱ በፊት ደግሞ እኛ ራሳችን እናያለን። እሱ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ፣ እጃችንን በአንድ ጆንያ እስከ ክርን እንሰዳለን። ከታች፣ ሙቁ ሩዝ ውስጥ፣ ጣቶቹ የኔን ጣቶች ያገኟቸዋል። ለአፍታ ነው። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እያየን ማንም አያይም። ልጆች ወልደን፣ ፀጉራችን ሸብቶም ይህን አልተውነውም።

በሩ ላይ ሰሌዳ ነበር። ከመስኮቱ በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ራሱ ምናለ የጻፈው ነው፤ "ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ብቻ" ይላል። ቀለሙ ስላነሰው የመጨረሻዋ ቃል ገርጥታለች። ሰሌዳው የተሰቀለው ከተማው ገና በስልክ መክፈል በጀመረበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ጭቅጭቁም ያን ጊዜ ጀመረ።

መምህር ዳዊትን ያወቅሁት በቁጣው ነው። ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ግማሽ ኩንታል ሩዝ ሊያስፈለፍል በምሳ ሰዓት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ራሱን ሳይሸፍን መጣ። ሥራው አልቆ ሰሌዳውን ሲያይ፣

"ጋሼ፣ ቁጥርዎን ይንገሩኝ፣ በስልክ ልላክልዎት" አለ።

"ስልክስ አለኝ" አለ ምናለ። "ብር ግን አላስለመድሁትም።"

"ኧረ በእግዚአብሔር! ባንኩ ሲስተም የለም አለኝ። የግድግዳው ብር ማውጫ ማሽን ባዶ ነው። ባጃጁ ጥሬ ብር፣ ልብስ ሰፊው ጥሬ ብር! ፀጉር አስተካካዩ ጋ ባርኔጣዬን አስይዤ ነው የመጣሁት! ሩዝ በሞተር እየፈለፈላችሁ ገንዘብ በዘመነ መሳፍንት?"

ወረፋ የያዙት ሳቁ። አንዲት ሴት ከኋላ፣ "መምህር፣ በዘመነ መሳፍንትማ በአሞሌ ጨው ነበር፤ እኛ ተሻሽለናል!" አለችው።

ምናለ ግን አልሳቀም። "ና መምህር" አለው። "መጀመሪያ እጅህን አስገባ።"

"ምን ልፈልግ?"

"ጥፋቴን።"

መምህር ዳዊት ሰዓቱን ፈታ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ እጁን ሰደደ። ሲያወጣው ንዴቱ በርዶለት ነበር። ሩዙን እኛው ጋ አስቀምጦ ሄደና በሦስተኛው ቀን ጥሬ ብር ይዞ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ወደኛ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ይጨቃጨቃል።

እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ልክ ነበሩ። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የወረዳው ሠራተኛ ደመወዛቸው ስልካቸው ላይ እያለ ለአንድ ጆንያ ሩዝ ግማሽ ቀን ከባንክ ባንክ ይንከራተታሉ። አንዳንዱ "ከግብር ለመሸሽ ነው" ይለን ነበር። ግብራችንን በየሐምሌው እንከፍላለን፤ ደረሰኙን ምስማር ላይ ሰክተነው ነበር። ቢሆንም ያን ለደከመ ሰው ማሳየት ምን ይጠቅማል?

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ አራት ቀን ዘገየሁ።

ሚያዝያ ነበር። ምናለን ልቡ ሲያስቸግረው ልጃችን ባሕር ዳር ወስዶት ነበርና ወፍጮውን ብቻዬን ያዝሁ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ካስፈለፈሉ በኋላ "ያለን በስልክ ነው" ብለው፣ በሰው ፊት ሰድበውኝ፣ ሳይከፍሉ ሄደዋል። በማግሥቱ ለመጣው ሁሉ "ሒሳቡን አስቀድሙ" ማለት ጀመርሁ። ሰሌዳውን ያከበርሁ መስሎኝ ነበር።

ዘውዴ የመጣችው ያን ቀን ነው። ጉማራ ወንዝ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ሩዟን ከሌላ ቤት አስፈልፍላ አታውቅም። ሦስት ጆንያ በጋሪ ጭና ረፋዱ ላይ ደረሰች።

"እትዬ፣ ዛሬ ቶሎ በይልኝ" አለችኝ። "የጎንደሩ ነጋዴ መኪና በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። ያልተሰባበረ ሩዝ ብቻ ነው የሚወስድ። አንደኛው በሬዬ ሞቶብኛል፤ በዚህ ካልገዛሁ ልጄ በምን ያርሳል? መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠቴ ነው።"

"ሒሳቡን አስቀድሚ፣ እታለም።"

"የሽንኩርቱ ነጋዴ በስልክ ነው የላከልኝ። እዚህ ውስጥ አለ።" ስልኳን ከመቀነቷ አውጥታ አሳየችኝ።

"በስልክ አንቀበልም። ታውቂያለሽ።"

"እንግዲያ ከሩዙ ቆርጠሽ ውሰጅ።"

ምናለ በእህል መቁረጥን እንዴት ይጠላ እንደነበር አውቃለሁ። "አይሆንም" አልኋት። "ሂጂና አውጥተሽ ነይ።"

ሄደች። የግድግዳው ብር ማውጫ ባዶ ነበር። ባንኩ ሲስተም የለም አላት። ባለሱቆቹን ጥሬ ብር እንዲሰጧት፣ በስልክ እንድትልክላቸው ለመነች፤ እነሱም አልነበራቸውም። በዘጠኝ ሰዓት ላብ በላብ ሆና ተመለሰች። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። እኔም ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ጎማው አዲስ፣ መብራቱም ያለ ነበር።

"አጣሁ፣ እትዬ።"

"እንግዲህ ነገ ነይ" አልኋት።

ከዚያ ጆንያዎቿን አንድ በአንድ ወደ ጋሪው አወጣች። ሳግዛት አልከለከለችኝም። ያን ጊዜ ባል የሌላት ሴት ማለት ምን እንደሆነች አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ምናለ ተመልሶ በሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዘውዴ መጣች። አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንድ እፍኝ ሩዝ ሚዛኑ ላይ አፈሰሰች። የደቀቀ ነበር፤ ለገንፎ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

"ጋሽ ምናለ፣ ይችን ይዩልኝ።"

ሩዙን በጣቱ አገላበጠው። "ይኼ በኛ ጎማ አልወጣም። በብረት ምላጭ በሚፈለፍል ማሽን ነው።"

"አዎ፣ መንገድ ዳር ነው ያስፈለፈልሁት። እነሱ በስልክ ይቀበላሉ።" ወደኔ አላየችም። "እዚህማ ማን አስገባኝ? ነጋዴው አይቶ ተወው። በሬውም ቀረ።"

ምናለ ይቅርታ ጠየቃት። ያለችውን ሁሉ ሰምቶ እስከ ጋሪዋ ሸኛት። ሲመለስ ቀስ ብሎ፣

"ብሩን አስቀድመሽ ነው የጠየቅሻት?" አለኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያ ይፋግ ተመለስን።"

ሌላ ቃል ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ማልቀሴን ሲያይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። "ሰሌዳውን የጻፍሁት እኔ ነኝ" አለ። "ጥፋቱም ከኔ ይጀምራል። ጥሬ ብር ያልሁት ሰው በስልክ ልኮ ከመሄድ ይልቅ ቆሞ ሥራችንን እንዲያይ ነበር። ሰው እንዲመለስ አልነበረም።"

በዚያው ሰሞን መምህር ዳዊትን ስልክ አስተምረኝ አለው። ሁለቱ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ያጠኑ ነበር። የምናለ ጣት ወፍራም ስለሆነ ሁለት ቁጥር አንድ ላይ ይነካል። መምህሩ "ጋሼ፣ ብሎን አይደለም፣ በቀስታ!" ሲለው ይስቃል። ተማረም። አንድም ሰው በስልክ ሳይከፍለው ግን ሕመሙ ተነሣበት። ጥቅምት ላይ፣ ሜዳው ሁሉ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ማጭድ ሲጠብቅ፣ አረፈ።

ከአርባው በኋላ ወፍጮውን ከፈትሁ። ሰው ሁሉ ሰሌዳው ይወርዳል ብሎ ጠብቆ ነበር። እኔ ግን ልነካው አልቻልሁም። ቀለሙን ሲቀባ መሰላሉን የያዝሁለት እኔ ነኝ። የገረጣችው ቃል ላይ ሲደርስ "ይበቃል፣ ይነበባል" ብሎኛል። ስለ ሰው መመለስ የተናገረውን አልረሳሁትም፤ ቢሆንም ሌላ የእሱ እጅ ጽሑፍ አልነበረኝም። ሰው እየመጣ፣ እያየ፣ እየተመለሰ ሄደ። ወረፋው አለቀ። የሚያዝኑልኝ ብቻ ጥሬ ብር ፈልገው ይመጡ ነበር።

ጥር ላይ የዘውዴ ጋሪ በሩ ላይ ቆመ። ወጥቼ ጆንያዎቹን አየሁ። አንድ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ።

"ሌላውስ?" አልኋት። አፌ አመለጠኝ።

"ሌላውማ ያረሰው ሰው ድርሻ ነው። ለእኩል ሰጠሁት ብዬሽ የለ?" አለች። ቀጥላም፣ "ለልቅሶ ሳልመጣ ቀረሁ፤ ጋሽ ምናለን ነፍስ ይማር። ወደ መንገድ ዳሩ ልሄድ ነበር፤ በቅሎዋ እዚህ ቆመች" አለችኝ። በቅሎዋ የቆመችው በራሷ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንዲት ፍሬ በጥርሴ ነከስሁ። ቀጭ አለች። ብሎኑን ሩብ ዙር አጠበቅሁ፣ ዐይኔን ጨፈንሁ፣ አዳመጥሁ። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ሲያልቅ "እጅሽን አስገቢ" አልኋት። እስከ ክርኗ ሰደደች። ከሥር ያወጣችውን መዳፏ ላይ በትና ረጅም ጊዜ አየችው።

"ሙሉ ነው" አለች።

"እንግዲያ በስልክሽ ላኪልኝ።"

"ሰሌዳውሳ?"

መሰላሉን አመጣሁ። ዘውዴ ያዘችልኝ፤ እኔ አወረድሁት። አሁን መኝታ ቤቴ ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ በሩ ሲዘጋ ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሠራሁ። የተላከው ብር ገብቶ ስልኩ ሲጮህ ሰው ቸኩሎ እንዳይሄድ እጁን ይዤ ወደ ጆንያው አመጣ ነበር፤ ሥራው እውነትም የከበደኝ ያን ጊዜ ነው። ትከሻዬ እምቢ አለ፣ ገለባው ሳል አስያዘኝ። መምህር ዳዊት ማስተማሩን ትቶ ማሽኑን ልግዛ ሲለኝ አልተከራከርሁም። "ድምፁን ተማር" ብቻ አልሁት። አንድ ወር አብሬው ቆምሁ። አሁንም ጎማ ለመቀየር ይዘገያል።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ከዋንዛዬ አንድ ጆንያ ያልተፈለፈለ ሩዝ አመጣልኝ። ነጠላዬን አደረግሁና በባጃጅ ጭኜ ወደ መምህር ዳዊት ሄድሁ። ከዚህ በፊት ወረፋ ይዤ አላውቅም፤ እግር ያደክማል። ሥራው ሲያልቅ ከቦርሳዬ መቶ ብር አወጣሁ።

"እትዬ፣ ዝርዝር የለኝም" አለኝ መምህር ዳዊት። "በስልክ ይላኩልኝ።"

"አንተ ደግሞ! ስልኬን ቤት ትቼዋለሁ። ነጠላዬን ላስይዝህ?"

ባርኔጣው ትዝ ብሎት ሳቀ፤ የሚያውቁትም ሳቁ። ከዚያ ሞተሩን ዝቅ አደረገና የጆንያውን አፍ ገልጦ ያዘልኝ።

"እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ እጅዎን ያስገቡ።"

"ምን ልፈልግ?" አልሁት።

"ጥፋቴን" አለኝ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ሰደድሁ። እስከ ክርኔ ገባ። ሩዙ ሞቅ ያለ ነበር፤ ሙሉ ሙሉው ፍሬ በጣቶቼ መሐል ያልፋል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ወዲያው አውቄዋለሁ። እጄን ግን አላወጣሁም። ጣቶቼን ከታች ዘርግቼ፣ ወደ ወዲያኛው በኩል ትንሽ ገፋ አድርጌ ቆየሁ።

ከኋላዬ ወረፋው መንቀሳቀስ ጀመረ። መምህር ዳዊት ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"ምነው እትዬ፣ ጥፋት አገኙ?"

"ገና እየፈለግሁ ነው" አልሁት።